የቲቸር ጌታሁን ንጉሥና አህያ

«አንቺን ሰው ያደረገሽ የእኔ ኩርኩም ነው!» አለኝ ቲቸር ጌታሁን፣ መምህራኑ ሁሉ የዕረፍት ሻያቸውን ይዘው በተቀመጡበት፣ አፍንጫዬ ሥር ቆሞ። ሁሉም ሳቁ። የስፖርት መምህሩማ ሻዩ ትን ብሎት ጀርባው እስኪደለቅለት ድረስ ሳቀ። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት የቅርንፉዱ ሽታ መጣብኝ። ጥርሱን ያመዋል መሰለኝ፣ ይህ ሰውዬ ከድሮ ጀምሮ ቅርንፉድ ከጉንጩ አይለይም። ሌላ ሰው ቅርንፉድ ሲሸተው ሻይ ያምረዋል፤ እኔን አናቴን ነው የሚያመኝ፣ ልክ የጣት አንጓ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፍቶብኝ «እሺ ቲቸር» ብዬ ቁጭ አልኩ። ያ «እሺ» እስካሁን ምላሴ ላይ ይመረኛል። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፣ ወጉ ስለሆነ። እዚህ ግን ወረቀቱም እስክሪብቶውም የኔ ነው፤ «እሱ» እለዋለሁ።

ጠባችን ስለ ጨዋታ ነበር። እኔ እዚህ አሶሳ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ረዳት መምህርት ነኝ። ረዳት ማለት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ያልመጣላት፣ ነጭ ጋዎን አልብሰው ንፍጥ የሚያስጠርጓት፣ ዋናዋ መምህርት ስትወልድ ደግሞ ክፍሉን በሙሉ የሚጥሉባት ሴት ማለት ነው። ዋናዋ ወልዳ ቤቷ ናት፣ ክፍሉ የኔ ነው፣ ደመወዙ ግን አሁንም የረዳት ነው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ደረጀ ይባላል፤ ባምባሲ አንድ ክፍል የተማርን ልጆች ነን። ዘንድሮ ሁለታችንንም ያስተማረንን ቲቸር ጌታሁንን ጡረታ ከወጣበት አምጥቶ ሱፐርቫይዘር አደረገው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች በዓል አለ፤ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ማባዛትን በጨዋታ ያሳዩ ተባለ። ጥሩ። ግን የተመረጠው ጨዋታ ከኔ ክፍል ጨዋታዎች አንዱ አልነበረም፤ የቲቸር ጌታሁን «ንጉሥና አህያ» ነው። «ይሄ ጨዋታ ልጅ ያዋርዳል፣ ይቅር» አልኩ። ሰው ያደረገሽ ኩርኩሜ ነው ያለኝ ያኔ ነው።

ባምባሲ በኛ ጊዜ አንድ ረጅም መንገድና የመንገዱ ግራና ቀኝ ነበረች። አባቴ ከቤጊ መጥቶ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪና ዘርግቶ ይሰፋል፤ የግማሹ ተማሪ ሰማያዊ ሸሚዝ ከእሱ እጅ ነው የወጣው፣ የሁሉም ኮሌታ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከአባቴ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለ። ሻይ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ የሱዳን ዘፈን ያሰማል፤ ካሴቱ ሲጠመጠም ባለቤቱ በእስክሪብቶ ያዞረዋል፣ ሾፌሮቹ አብረው ይዘፍናሉ፤ ግማሾቹ ቃሉ ምን እንደሚል አያውቁም፣ የቱ ጋ እጅ ወደ ላይ እንደሚነሳ ግን አይስቱም። ከረሜላ በአምስት ሳንቲም ነው። በሃያ አምስት ሳንቲም የጋዜጣ ጥቅልል ሙሉ ለውዝ ይሰፈርልሻል፣ ጨውም ይበተንበታል። ማንጎ የሚገዛ ሰው ካየን ከሩቅ አገር የመጣ ጅል ነው ብለን እንከተለዋለን፤ ማንጎ ድንጋይ ይወረወርበታል እንጂ አይገዛም። ኮንጎ ጫማችን ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና ማታ ስናወልቀው እግራችን የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ያንኑ ማንጎ ዛሬ አሶሳ ላይ በፌስታል ቋጥረው ሲሸጡልኝ ዋጋውን ሰምቼ ዞር ብዬ አያለሁ፣ ለሌላ ሰው የተናገሩ እየመሰለኝ። ይህን ሁሉ እወደዋለሁ። የምጽፈው «ይቺ ልጅ ያለፈ ነገር አይጥማትም» እንዳይባል ነው። የሱዳኑን ዘፈን ባጃጅ ውስጥ ከሰማሁ መውረጃዬን አልፋለሁ። ግን ሰው ያለፈውን ሲያወራ ስኳር ያበዛል፣ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ዝንብ ይሰበስባል፤ እኔ ዝንቡን ነው የማየው።

ቲቸር ጌታሁን ሒሳብ ያስተምረን ነበር። ካርዶቹን የሚሠራው ራሱ ነው፤ የፓስታ ካርቶን ይቆርጣል፣ በሰማያዊ ቀለም ቁጥሩን ይጽፋል፣ እርጥበት እንዳይገባው ዳር ዳሩን በሻማ ያሸዋል። ያማሩ ካርዶች ነበሩ፣ ምን ያስዋሸኛል። ከገዛ ደመወዙ ደብተር ገዝቶ የሰጠውም ልጅ አለ። ተማሪውን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ያቆማል። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ ይወጣሉ። ካርዱን ከፍ ያደርጋል፤ «ሰባት ጊዜ ስምንት!» ቀድሞ የመለሰ ንጉሥ ነው፣ የዘገየ አህያ ነው። ንጉሡ መጀመሪያ አህያውን አናቱ ላይ ይኮረኩመዋል፣ «እንዲነቃ» ነው የሚባለው። ከዚያ ጀርባው ላይ ይወጣና ባንዲራ መስቀያውን ዞሮ እስኪመለስ ይጋልበዋል። ክፍሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ «ቼ! ቼ!» ይላል። ስንስቅ ነበር ወይ? ስንስቅ ነበር። የሚስቀው ተራው ያልደረሰውና ተራው ያለፈው ነው፤ መሐል ላይ ያለው አይስቅም። እኔ አህያ ስሆን ከወገቤ ይበልጥ የሚያመኝ «ቼ!» ከሚሉት መሐል የጎረቤቴን ልጅ ድምፅ መለየቴ ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ነው፤ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም እመልሳለሁ፣ እየመለስኩ ግን አንገቴን ትከሻዬ ውስጥ እሸጉጣለሁ። ተማሪዎቼ ደርሰውበታል። «ቲቸር ማባዛት ስትል እንደ ኤሊ ትሆናለች» ይላሉ።

ከኔ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠው ሀዋ ነበረች። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ ቤታቸው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። ቤት በበርታ ትቆጥራለች፣ ገበያ ላይ ከእናቷ ጋር በዓረብኛ፣ ክፍል ውስጥ በአማርኛ። እኔም ቤት በኦሮምኛ ነው የማወራው፣ ግን አባቴ በረንዳ ላይ ከመንገደኛ ጋር አማርኛ ሲያወራ ስሰማ ስለዋልኩ አፌ ተፈትቷል። የሀዋ አልተፈታም። ካርዱ ሲነሳ መልሱ ፊቷ ላይ ሲበራ አየዋለሁ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አንዱን ቋንቋ አስቀምጣ ሌላውን ስታነሳ ፊት ለፊቷ የቆመው ይጮሃል። አበቃ፣ ሀዋ አህያ ነች። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ቲቸር፣ ሀዋ እኮ ቀድማ አውቃዋለች፤ በቋንቋዋ ብላዋለች» አልኩት። «እንግዲያው በቋንቋዋ ትሸከመዋ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ስለዚህ አላወቀም እንዳትሉኝ። ያውቃል።

የዚያ ዓመት የወላጆች በዓል ላይ ቲቸር ጌታሁን ንጉሥና አህያን ለእንግዶች አቀረበ። ለሀዋ ያወጣላት ተጋጣሚ ደረጀ ነው፤ የትልቁ ሱቅ ልጅ፣ ሁላችንም ኮንጎ ስናደርግ ነጭ ሸራ ጫማ የሚያደርግ፣ ብስኩት ያወፈረው ልጅ። ደረጀ ማባዛት ላይ ያን ያህል አልነበረም፤ ለዚህ ነው ሀዋን የሰጠው። ካርዱ ተነሳ፣ ሀዋ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ደረጀ ጮኸ። ኮረኮማት፣ ወጣባት። ባንዲራው ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና በአገጯ ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ደረጀ እላይዋ ላይ። ደሙ አባቴ የሰፋው ሸሚዝ ላይ ወረደ። ቲቸር ጌታሁን «አህያችን ወለም አላት!» አለ፤ ወላጆች ሳቁ። እናቴ ብቻ «ዋቃዮ!» ብላ አፏን ያዘች። ሀዋ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ በረድፉ መሐል አልፋ ወደ እናቷ ሄደች። በማግስቱ ስሟ ሲጠራ «አቤት» የሚል አልነበረም፣ በሚቀጥለውም ዓመት አልነበረም። ቲቸር ጌታሁን ሊመልሳት ቤቷ ድረስ ሄዷል፤ ይሄም እውነት ነው፣ አልክድበትም። ሲመለስ ግን «እናቷ የትምህርት ጥቅም አይገባትም» ብሎ ነገረን፣ ካርዶቹንም አወጣ።

ይሄውና ዛሬ ደረጀ ቢሮው ውስጥ እግሩን አነባብሮ «ጫልቱ ሙች፣ ያኔ እንዴት ደስ ይል ነበር! የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ተደፍተው ምን ያውቃሉ?» ይለኛል። እላይ ተቀምጦ ለዞረ ሰው ዘመኑ ለምን አይጥመውም? ከሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ባንዲራው ምን ያህል ያምራል! ሰው ሁሉ እንደዚህ ሆኗል፤ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ስልኩ ላይ፣ «የድሮ መምህር፣ የድሮ አርጩሜ» እያለ ይንሰፈሰፋል፤ የተገረፈበትን ጠባሳ እንደ ኒሻን ያሳያል። በአርጩሜው ምክንያት ከትምህርት የቀሩት ግን ስልኩ ውስጥም ለቅሶ ቤቱም የሉም፣ አይናገሩም። ስለዚህ የሚሰማው የተረፉት ልጆች ዘፈን ብቻ ነው።

ሀዋን ያገኘኋት ከሦስት ዓመት በፊት አሶሳ ገበያ ነው። ባሏ ወደ እዚህ አምጥቷት ለውዝና የደረቀ ባሚያ ትሸጣለች። ጋዎኔን ለብሼ ሳልፍ እጄን ያዘችኝ፤ እኔ በአገጯ ጠባሳ አወቅኳት፣ እሷ በምን እንዳወቀችኝ አላውቅም። «አንቺ ቲቸር ሆነ?» አለችኝ። «ረዳት» አልኳት። «ረዳት ምን ነው?» «ቲቸር ሆኖ ገንዘብ የሌለው።» ከት ብላ ሳቀች። ረውዳ የምትባል ልጅ አለቻት፤ ሳንቲም እየመለሰች እናቷን የምትረዳ ቀጭን ልጅ። «ለምን ትምህርት ቤት አታስገቢያትም?» ስላት ሳቋ ቆመ። «ልጄ ትምህርት ይገባል፣ እኔ ይፈልጋል። ግን አህያ አይሆንም። አንቺ ትምህርት ቤት አህያ አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። «ወላሂ በይ።» «ሀዋ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ።» «ጴንጤ ወላሂ የለውም? ምን አለው?» «ቃሌን እሰጥሻለሁ» አልኳት። ረውዳ አንደኛ ክፍል ገባች።

ቃል ስሰጥ እውነቴን ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ማባዛት እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የለስላሳ ቆርኪ ከየመጠጥ ቤቱ ለቅሜ በውስጡ ቁጥር ጽፌበታለሁ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ቆርኪ ይገለብጣሉ፤ የወጡትን ሁለት ቁጥሮች አባዝተው መልሱን በየትኛውም በሚመጣላቸው ቋንቋ ይናገራሉ፣ ከዚያ አብረው በአማርኛ ይሉታል። ከተሳሳቱ ቆርኪውን መሬት ላይ በረድፍ ደርድረው ይቆጥሩታል። ግቢው ላይ የሰኞ ማክሰኞ ቤቶች ሥዬ በየቤቱ የሦስት፣ የስድስት፣ የዘጠኝ ብዜት ጽፌያለሁ፤ አንዱ ይዘላል፣ ሌላው ይጠራለታል። የሚሸነፍ የለም እያልኩ ልዋሽ አልፈልግም፣ ይጣላሉ፣ ቆርኪ ይሰራረቃሉ፣ አንድ ቀን ሁለት ሴት ልጆች ጸጉር ተያይዘው ለያይቻለሁ። ግን ማንም በማንም ላይ አይወጣም። ደረጀ ለዘመናዊነት ብሎ ትልቅ ስክሪን አስገዝቷል፤ መልሱን ሲነኩ ፊኛ ይፈነዳል፣ ከውስጡ የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ጎበዝ ይላል። አንድ ልጅ ይነካል፣ የቀረው ክፍል በሙሉ እንደ ሲኒማ ተቀምጦ ያያል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ፊኛውን ረስቶ ወደ ቆርኪዬ ይመለሳል። የጎብኚ ፎቶ የሚነሳው ግን ስክሪኑ ፊት ነው።

ለበዓሉ ቲቸር ጌታሁን ጥንዶቹን ራሱ ደለደለ። ኩርኩሙን ትቶታል፣ «ዘመኑ አይፈቅድም» ብሎ፤ ግልቢያው ግን አለ። የመጨረሻውን ጥንድ ሲያነብ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ፤ ናትናኤል፣ የደረጀ ልጅ፣ ከረውዳ ጋር። «ቲቸር፣ ይህቺን ለምን?» አልኩት። ቅርንፉዱን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረና «የባለቤቱ ልጅ ነው፣ መዝጊያው ማማር አለበት። እሷ ቃሉ ቶሎ አይመጣላትም፤ ልጁ በደንብ ያሸንፋል» አለኝ። በደንብ ያሸንፋል! እንዲህ ብሎ እንደ ወጥ ጨው ነው የለካው። ጨዋታው ይቅር ያልኩት፣ «ሰው ያደረገሽ ኩርኩሜ ነው» የተባልኩትም በዚያው ቀን ነው። ከሻዩ በኋላ ደረጀ ቢሮው ጠራኝ። «ጫልቱ፣ ለመስከረም ቋሚ መምህርት ላደርግሽ ነው፤ አሁን ቲቸርን አታስቀይሚብኝ» አለኝ። «ልጅህ ማንን እንደሚጋልብ ታውቃለህ?» አልኩት። «ማንን?» «የሀዋን ልጅ።» «የቷ ሀዋ?» አለኝ። አላስመሰለም፤ እውነቱን ነው፣ አያስታውሳትም። ጀርባዋን ብቻ ነዋ የሚያውቀው።

ገበያ ሄጄ ለሀዋ ነገርኳት። «ቃሌን አልጠበቅኩም። ዓርብ በበዓሉ ረውዳን ከአንድ ልጅ ጋር ያጋጥሟታል፤ ቤት አስቀሪያት፣ አሞኛል ትበል» አልኳት። ለውዟን በቆርቆሮ እየሰፈረች ገዢዋ እስኪሄድ ጠበቀች። «ማን ላይ ይወጣል?» አለችኝ። «ያሸነፈ በተሸነፈው ላይ።» «ያ ልጅ የማን ነው?» «የደረጀ።» «ያ ደረጀ?» «ያው ደረጀ።» ሀዋ ቆርቆሮውን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ከዚያ በፊት አላየሁትም። «ልጄ ይመጣል» አለች። «ሀዋ፣ አይሆንም።» «ይመጣል! ረውዳ ሁሉ ቁጥር ያውቃል፤ በኛ ያውቃል፣ በዓረብ ያውቃል፣ በአማርኛ ያውቃል። ማታ ማታ እኔ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። ይሸነፋል እንዴ? ደረጀ ልጅ ይሸከማል፤ ደረጀ ቁጭ ብሎ ያያል። ኸላስ!» ረውዳ ከኋላዋ ብቅ ብላ «ቲቸር፣ ባንዲራውን አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ የሚዞረው?» አለችኝ፣ ዓይኗ እየበራ። ቀፈፈኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የምትወጣበትን ጀርባ እያሰላች ነው። የባሰው ደግሞ እኔም ሆዴ ውስጥ ሲሞቀኝ መስማቴ ነው፤ የዚያ ብስኩት ያወፈረው ደረጀ ልጅ ጎንበስ ሲል ታየኝና ደስ አለኝ። ይሄ ጨዋታ እንደ እከክ ነው፤ የያዘው ሁሉ ማከክ ይጣፍጠዋል። «አንዴ ነው» ብያት ሄድኩ።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያው ከአሁን አሁን ፈነዳ እያልን ጆሯችንን ይዘናል። የክብር እንግዶቹ ፊት ለስላሳ ተደርድሮላቸዋል። ሀዋ ከኋላ ወንበር ቀይ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ሠርግ የመጣች ነው የምትመስለው። ቲቸር ጌታሁን በሙሉ ልብስ ማይኩን ያዘ። «በመዝናናት ማስተማር፣ አሳታፊ ዘዴ እያሉ ዛሬ በየሥልጠናው የሚነግሩን ነገር እኔ ባምባሲ ጥንት የጀመርኩት ነው!» አለ። ተጨበጨበለት። ከጠረጴዛው ላይ ካርዶቹን አነሳ፤ አዲስ ናቸው፣ ላሚኔት ተደርገዋል። ጥንዶቹ እየወጡ ተጠየቁ። ያሸነፈው ወጣ፣ የተሸነፈው ተሸከመ፣ ወላጆች «ቼ!» አሉ። አንዷ ልጅ ስትዞር አለቀሰች፣ እናቷ ፎቶ አነሳቻት። አንድ ወንድ ልጅ ጭቃው አዳልጦት ሊወድቅ ሲል ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የልጆቹን ቦርሳና ጃኬት ይዤ እንደ ልብስ መስቀያ ቆሜያለሁ። ከሁሉም የሚብሰው፣ ሳቁ ከልብ መሆኑ ነው።

መጨረሻ ላይ ናትናኤልና ረውዳ ወጡ። ደረጀ ስልኩን ደግኖ ለመቅረጽ ፊት ለፊት መጣ። ካርዱ ተነሳ፤ «ስምንት ጊዜ ስድስት!» «አርባ ስምንት!» አለች ረውዳ። ናትናኤል አፉን እንኳ አልከፈተም። ቲቸር ጌታሁን ጆሮውን ወደ ልጁ አዘነበለ። «አልተሰማም፣ ማይኩ ነው፤ ይደገም» አለ። ሌላ ካርድ አነሳ። «ዘጠኝ ጊዜ ሰባት!» «ስልሳ ሦስት!» ድምጿ ያለ ማይክ አጥሩን አልፎ ሄደ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሀዋ ናት፣ ብቻዋን። ናትናኤል ልጅ ነው፣ የጨዋታውን ሕግ ያውቃል፤ ክራቫቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለላት። ቲቸር ጌታሁን ደረጀን አየ። ደረጀ ስልኩን አወረደና ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ጎን።

«የተከበራችሁ ወላጆች» አለ ቲቸር ጌታሁን፣ ቅርንፉዱን ዋጥ አድርጎ፤ «ጊዜውም ስለተጣበበ፣ ዝናቡም ስለመጣ፣ የመጨረሻውን ግልቢያ ትተነዋል። እንዲያውም ረዳት መምህርታችን ጫልቱ በቅርቡ ‹ይሄ ነገር ልጅ ያዋርዳል› ብላ ሐሳብ ሰጥታ ነበር። እኛ ሐሳብ እንቀበላለን! ሁለቱም አሸናፊ ናቸው! ለጫልቱም ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

አጨበጨቡልኝ። ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ እኔን እያየ አጨበጨበልኝ። ደረጀ ልጁን በኮሌታው ይዞ ቀና አደረገውና አቧራ የሌለበትን ጉልበቱን አራገፈለት። ረውዳ እጆቿን ከፍ እንዳደረገች ቀረች፤ ልትይዘው የነበረው ትከሻ የለም። ሀዋ ከወንበሯ ተነስታለች፣ ግን አልተራመደችም፤ እኔን ነው የምታየው።

«ቲቸር» አለችኝ ረውዳ፣ «እኔ አይደለሁ ያሸነፍኩት?»

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

«ታዲያ?»

«ጫልቱ» አለ ደረጀ በጥርሱ መሐል፣ «ልጆቹን ወደ ክፍል አስገቢ። ስለ መስከረም ያልኩሽን አትርሺ።»

ቦርሳዎቹንና ጃኬቶቹን ደረጀ እጅ ላይ አስታቀፍኩት። ጋዎኔን አወለቅኩና ቲቸር ጌታሁን ጠረጴዛ ላይ፣ ካርዶቹ ላይ ጣልኩት። ረውዳ ፊት ዞሬ ጎንበስ አልኩ።

«ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ።»

«ቲቸር፣ አንቺ እኮ አልተሸነፍሽም።»

«ውጪ ብዬሻለሁ።»

ወጣች። ቀጭን ብትሆንም ከበደች። ጭቃው ጫማዬን አንድ ጊዜ ያዘብኝ፣ ነቅዬው ሄድኩ። ባንዲራውን ስንዞር «ቼ!» ያለ ሰው የለም፤ ቲቸር ጌታሁን ማይኩን ከአፉ ሳያርቅ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። ዞረን ስንጨርስ ወደ ድንኳኑ አልተመለስኩም፤ ወደ ግቢው በር አመራሁ። ሀዋ በወንበሮቹ መሐል አልፋ መጥታ ከጎናችን ሄደች። ዘበኛው እኛን አየ፣ ወደ ደረጀ አየ፣ ከዚያ በሩን ከፈተ። ወጣን።